ክላረንስ ሊትል፦ አይጥን ለሳይንስ፣ ስማቸውን ለትምባሆ የሰጡት ሰው

ዛሬ አንድ ተመራማሪ የአይጥን አንድ ዘረ-መል ማጥናት ቢሻ አይጥ ማርባት ግድ አይሆንበትም። የዘረ-መሉን ስም ከኮምፒውተር መዝገብ ይፈልጋል፣ ቁጥሩን ያገኛል፣ ያዝዛል። የሚደርሰው ትንሽ ብልቃጥ ነው። በብልቃጡ ውስጥ የአይጥ ዲኤንኤ ቁራጭ የተሸከመ ባክቴሪያ አለ። ባክቴሪያው በተራባ ቁጥር ቁራጩም አብሮ ይባዛል። ባለሙያዎቹ ይህን ክሎን ይሉታል።

ከእነዚህ ክሎኖች እጅግ ብዙዎቹ የተቀዱት ከአንድ የአይጥ ቤተሰብ ነው። ቤተሰቡ ጥቁር ጸጉር ያለው ሲሆን ልደቱ በ1921 ተመዝግቧል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያን ቤተሰብ የመሠረቱት ሰው ክላረንስ ኩክ ሊትል ይባላሉ። በዘመናቸው የሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ፕሬዝዳንት፣ የአሜሪካ የካንሰር ዘመቻ መሪ፣ በኋላም የሲጋራ ኩባንያዎች የሳይንስ አፍ ነበሩ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሰው ሕይወት እንዴት ተገናኙ ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልሱን ፍለጋ መጀመር ያለበት ከአይጦቹ ነው።

ወንድምና እህት

ሊትል በ1888 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ብሩክላይን በተባለ ስፍራ ተወለዱ። ቤተሰባቸው ባለጸጋ ነበር፤ የዘር ሐረጋቸውም በአሜሪካ የነጻነት ትግል ስሙ ከገነነው ከፖል ሪቪር ይመዘዛል። አባታቸው ውሾችን እየመረጡ የሚያዳቅሉ ሰው ስለነበሩ ልጃቸው ስለ ዘር ውርስ ማሰብ የጀመረው ገና በቤቱ ሳለ ነው ማለት ይቻላል።

ሃርቫርድ ሲገቡ የግሪጎር ሜንዴል ሥራ እንደገና ከተገኘ ገና አሥር ዓመት አልሞላውም ነበር። መምህራቸው ዊልያም ካስል የውርስን ሕግ በአጥቢ እንስሳት ላይ ከሚፈትኑት ጥቂት ምሁራን አንዱ ነበሩ። ሊትልም የአይጥ ጸጉር ቀለም ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ ማጥናት ያዙ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ እንቅፋት ገጠማቸው። የሚያጠኗቸው አይጦች እያንዳንዳቸው የተለያዩ ነበሩ። በአንዷ አይጥ የታየው ነገር በሌላዋ ላይ ካልታየ፣ ልዩነቱ ከሙከራው ይምጣ ከአይጧ ማወቅ አይቻልም። አንድ ቤተ ሙከራ ያገኘውንም ውጤት ሌላው ደግሞ ሊያረጋግጠው አይችልም።

በ1909፣ ገና ተማሪ ሳሉ፣ ሊትል መፍትሔ ያሉትን ጀመሩ። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ቀለም ያላቸውን አይጦች ወስደው ወንድምን ከእህት ጋር አዳቀሉ፤ ከሚወለዱት መካከልም እንዲሁ ወንድምና እህትን፤ ከዚያም ደግሞ የእነሱን ልጆች። በአበሻ ባህል ለጋብቻ ሰባት ቤት መቁጠር ግዴታ የሆነበት ምክንያት አለው፤ የቅርብ ዘመዶች ሲወልዱ ተደብቆ የኖረ ጉድለት ይገለጣል። በዘመኑ የነበሩ ሊቃውንትም የሚያውቁት ይህንኑ ነበር። ሙከራው በመካን ወይም በሕመምተኛ አይጦች እንደሚያበቃ የጠበቁት ጥቂቶች አልነበሩም።

አይጥ የምታረግዘው ለሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው፤ ትውልድ በትውልድ ላይ በፍጥነት ይደራረባል። ከወንድምና እህት 20 ጊዜ በተከታታይ የተወለዱ አይጦች በዘረ-መላቸው ከመቶ 98 እጅ በላይ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ደካሞቹ በየመንገዱ ያልቃሉ፤ የተረፉት ግን እንደ መንትዮች ይመሳሰላሉ። የሊትል ቡናማ አይጦች ተረፉ። ዲቢኤ በሚል ስም እስከ ዛሬ በቤተ ሙከራዎች ይኖራሉ፤ በዚህ መንገድ ሆን ተብሎ የተፈጠረ የመጀመሪያው የአይጥ ዝርያም ይኸው ነው።

የአይጥ ነጋዴዋ

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ በግርጌ ማስታወሻ ብቻ የሚታለፉ ሴት መነሳት አለባቸው። አቢ ላትሮፕ በማሳቹሴትስ ግራንቢ በምትባል አነስተኛ የገጠር ከተማ የሚኖሩ የቀድሞ መምህርት ነበሩ። ዶሮ እርባታ ሞክረው አልሆን ሲላቸው፣ ሰዎች ለጨዋታና ለውበት የሚገዟቸውን አይጦች ማርባት ጀመሩ። ንግዱ ሰፋ፤ በጎተራቸው ውስጥ ከ11 ሺህ በላይ አይጦች የነበሩበት ጊዜ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዋናዎቹ ደንበኞቻቸው ሳይንቲስቶች ሆኑ።

ላትሮፕ ሻጭ ብቻ አልነበሩም። በአንዳንድ የአይጥ ቤተሰቦች ዘንድ ዕጢ እንደሚበዛ፣ በሌሎቹ ደግሞ እንደማይታይ አስተዋሉ፤ የልደት መዝገብም በጥንቃቄ ያዙ። ሊዮ ሎብ ከተባሉ ሐኪም ጋር ሆነው አሥር ያህል የምርምር ጽሑፎች አሳትመዋል። በ1918 ሲሞቱ አይጦቻቸው በየቤተ ሙከራው ተበትነው ነበር።

ሊትል ከአንደኛው የዓለም ጦርነት አገልግሎት ተመልሰው ኒውዮርክ አቅራቢያ በሚገኘው ኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር የምርምር ጣቢያ ሲቀጠሩ፣ ከላትሮፕ መንጋ የመጡ አይጦች በእጃቸው ነበሩ። በ1921 ቁጥር 57 የተባለችውን እንስት ቁጥር 52 ከተባለው ተባዕት ጋር አገናኙ። ከተወለዱት መካከል ጥቁሮቹ ለብቻ፣ ቡናማዎቹም ለብቻ ተዳቀሉ። ጥቁሩ ሐረግ ሲ57 ብላክ ተባለ። በዓለም ላይ ከማንኛውም የአይጥ ዝርያ ይልቅ ለምርምር የዋለው የዚህ ቤተሰብ ንዑስ ሐረግ ነው።

በዚያው ወቅት የሊትል ሌላ ሥራ ፍሬ እያፈራ ነበር። ከሐኪሙ ኧርነስት ታይዘር ጋር ሆነው በ1916 ባሳተሙት ጥናት፣ ከአንድ አይጥ ወደ ሌላው የተዛወረ ዕጢ ማደግ ወይም መክሰም የሚወሰነው በውርስ እንደሆነ አሳዩ። ዕጢው በራሱ ዝርያ ላይ ያድጋል፤ በሩቅ ዝርያ ላይ ይጠፋል። ዛሬ ኩላሊት ከመተላለፉ በፊት የሰጪውና የተቀባዩ ተስማሚነት የሚመረመርበት እውቀት ሥሩ ከዚህ ይጀምራል። ይህንን መንገድ የተከተሉት ጆርጅ ስኔል ሊትል ባቋቋሙት ተቋም ውስጥ በሠሩት ምርምር በ1980 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ከፕሬዝዳንትነት ወደ ደሴት

ሊትል ግርማ ሞገስ ያላቸው፣ ተናጋሪ፣ ቸኩለውም የሚወስኑ ሰው ነበሩ። በ1922 ገና በ33 ዓመታቸው የሜይን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት ሆኑ፤ በ1925 ወደ ታላቁ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተሻገሩ። በሁለቱም ስፍራ አይጦቻቸው ተከትለዋቸዋል።

ሚሺጋን ግን አልተመቻቸውም። ተማሪዎች መኪና እንዳይነዱ መከልከላቸውና በመጠጥ ላይ ያሳዩት ጥብቅነት ተማሪዎችን አስቆጣ፤ የወሊድ ቁጥጥርን በአደባባይ መደገፋቸው ወግ አጥባቂዎችን። በ1929 ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

በዚያን ጊዜ ሌላ ነገር አስበው ነበር። የዲትሮይት የመኪና ባለሀብቶች ክረምቱን በሜይን ግዛት ማውንት ዴዘርት ደሴት ላይ ያሳልፋሉ፤ ሊትልም ቀደም ብለው ተማሪዎቻቸውን እያስከተሉ በዚያ ይሠሩ ነበር። የሄንሪ ፎርድ ልጅ ኤድሰል ፎርድና የሃድሰን መኪና ኩባንያ ኃላፊ ሮስኮ ጃክሰን ገንዘብ ለመስጠት ተስማሙ። ጃክሰን ተቋሙ ሳይከፈት በድንገት ሞቱ፤ ቤተ ሙከራው በስማቸው ተሰየመ። በ1929 በባር ሃርበር ከተማ ሥራ ጀመረ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ፤ የባለሀብቶቹ ልግስናም አብሮ ቀነሰ። ሊትል ያኔ የወሰዱት እርምጃ ሳይንሱን የለወጠው ምናልባት ከምርምራቸው በላይ ነው። ለራሳቸው ያረቧቸውን አይጦች ለሌሎች ቤተ ሙከራዎች መሸጥ ጀመሩ። የተደረገው ለመኖር ነው፤ ውጤቱ ግን ቦስተን ያለ ተመራማሪና ለንደን ያለ ተመራማሪ በአንድ ዓይነት አይጥ ላይ መሥራት መቻላቸው ሆነ።

በጎን ደግሞ ከ1929 ጀምረው የአሜሪካ የካንሰር መከላከያ ማኅበርን መርተዋል። ካንሰር በዚያ ዘመን በሹክሹክታ ብቻ የሚነሳ በሽታ ነበር፤ በእኛም ዘንድ ስሙን መጥራት የሚከብዳቸው ቤተሰቦች ዛሬም አሉ። ሊትል በመላ አገሪቱ ሴቶችን አደራጅተው በሽታው ቀድሞ ከታወቀ እንደሚድን አስተማሩ። በ1937 የታይም መጽሔት ሽፋን ላይ የወጡትም በዚሁ ዘመቻ ነው።

እሳቱና መልሱ

በጥቅምት 1947 ሜይንን ለረጅም ጊዜ ዝናብ ርቋት ነበር። ደሴቲቱ ላይ የተነሳው ሰደድ እሳት ለቀናት ሲዳፈን ሰንብቶ በነፋስ ተገፍቶ ባር ሃርበር ደረሰ። የበጋ ቤቶች፣ ሆቴሎች፣ በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ደን ተቃጠለ። ቤተ ሙከራውም ወደመ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አይጦች አለቁ፤ ከእነሱ ጋር የሃያና የሠላሳ ዓመት የዘር ሐረግ።

ሊትል ያን ጊዜ 59 ዓመታቸው ነበር። ጡረታ ቢወጡ የሚወቅሳቸው አልነበረም። ነገር ግን ለዓመታት የሸጧቸውና የሰጧቸው አይጦች በየአገሩ ተዋልደው ነበር። በአሜሪካና ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ተመራማሪዎች የእነዚያን አይጦች ልጆች ወደ ባር ሃርበር መልሰው ላኩ። ሕንጻው እንደገና ተሠራ፤ ሐረጎቹ እንደገና ቆሙ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታዘዘው የጥቁሩ አይጥ ንዑስ ሐረግም ወደ ቤተ ሙከራው የገባው ከእሳቱ በኋላ፣ በ1948፣ ከውጭ ነው። አደራ ተሰጥቶ እንደተመለሰ ገንዘብ ማለት ነው።

አንዲት ሐሳብ

የሊትል ሕይወት እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ታሪኩ ቀላል በሆነ ነበር።

ዕድሜያቸውን ሁሉ የመራቸው አንድ እምነት ነው፤ እሱም የሕያዋንን ዕጣ ከሁሉ በላይ የሚወስነው የዘር ውርስ ነው የሚል። በአይጥ ጎጆ ውስጥ ይህ እምነት ፍሬ ሰጠ። ሊትል ግን ከጎጆው አውጥተው ወደ ሰው ወሰዱት። ዩጀኒክስ በሚባለው፣ የሰውን ዘር በምርጫ ማሻሻል ይቻላል በሚለው እንቅስቃሴ ውስጥ ግንባር ቀደም ነበሩ፤ የአሜሪካ የዩጀኒክስ ማኅበር ፕሬዝዳንትም ሆነዋል። ብቁ አይደሉም የተባሉ ሰዎች በሕግ ተገደው እንዲመክኑ ደግፈዋል፤ ወደ አሜሪካ የሚገቡ ስደተኞች እንዲገደቡም ተከራክረዋል። በዚያ ዘመን በአሜሪካ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያለ ፈቃዳቸው እንዳይወልዱ ተደርገዋል። ብዙዎቹ ድሆች፣ ጥቁሮች፣ ስደተኞችና የአእምሮ ሕሙማን ነበሩ። ሊትል በዚህ ረገድ ብቻቸውን አልነበሩም፤ በዘመናቸው ከነበሩት የዘረ-መል ሊቃውንት ብዙዎቹ እንዲሁ ያስቡ ነበር። ይህ ግን የተጎዱትን ቁጥር አይቀንስም።

ሁለተኛው ፈተና በ1953 መጣ። ኧርነስት ዊንደርና ባልደረቦቻቸው ከሲጋራ ጭስ ያጠራቀሙትን ሬንጅ መሰል ዝቃጭ በአይጦች ጀርባ ላይ ደጋግመው ቀቡ። ከአይጦቹ ከመቶ 44 የሚሆኑት ካንሰር ያዛቸው። ከሦስት ዓመት በፊት በብሪታኒያና በአሜሪካ በሕሙማን ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሲጋራንና የሳንባ ካንሰርን አያይዘው ስለነበር፣ አዲሱ ውጤት ኩባንያዎቹን አስደነገጠ። በታኅሣሥ ወር ኃላፊዎቻቸው ኒውዮርክ በሚገኝ ሆቴል ተሰበሰቡ። በጥር 1954 ከ400 በላይ ጋዜጦች ላይ ባወጡት ማስታወቂያ ነጻ የምርምር ኮሚቴ እንደሚያቋቁሙና በሳይንቲስት እንደሚያስመሩት አስታወቁ።

የተመረጡት ሊትል ነበሩ። ከእሳቸው የተሻለ ስም ማግኘት አስቸጋሪ ነበር፤ የካንሰር ማኅበሩን ለ16 ዓመታት የመሩ፣ የአይጥ ካንሰርን ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰው ናቸው። እሳቸው ራሳቸው ከአሥር ዓመት በፊት፣ ማስረጃው ገና ባልተሟላበት ጊዜ፣ ሳንባን በትምባሆ ጭስ ብናኝ ደጋግሞ መሙላት ጥበብ እንዳልሆነ ለሕዝብ በተዘጋጀ ጽሑፍ አስጠንቅቀው ነበር። ማስረጃው ሲጠነክር ግን አቋማቸው በተቃራኒው ላላ።

ከ1954 ጀምሮ ሊትል በተጠየቁ ቁጥር ሲጋራ ካንሰር ያስከትላል ለማለት ማረጋገጫ የለም አሉ። ካንሰር ውስብስብ ነው፤ ውርስ አለበት፤ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል አሉ። ከእነዚህ ሦስቱ አንዱም በራሱ ውሸት አልነበረም፤ ጉዳቱም ያለው እዚያ ላይ ነው። የኮሚቴው ገንዘብ በአብዛኛው የሄደው ሲጋራ ስለሚያደርሰው ጉዳት በቀጥታ ለማይጠይቁ ምርምሮች ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ዋና ሐኪም በ1964 ሲጋራ ለሳንባ ካንሰር መንስኤ መሆኑን በይፋ ሲያውጁም ሊትል አልተቀበሉም። በ2006 የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ኩባንያዎቹ ለአሥርት ዓመታት ሕዝብን ሲያታልሉ እንደኖሩ በወሰነበት ጉዳይ የዚህ ኮሚቴ ሥራ ከማስረጃዎቹ አንዱ ነበር።

ሊትል ይህን ያደረጉት ለገንዘብ ነው የሚሉ አሉ። ከሕይወታቸው አካሄድ ስንነሳ ግን ሌላ ምክንያት ይበልጥ ያሳምናል። ካንሰር ከዘር ይመጣል ብለው ሃምሳ ዓመት ለሠሩ ሰው፣ ከኪስ በሚወጣ ተራ ነገር ይመጣል የሚለው ሐሳብ ትንሽ ሆኖ ታያቸው። አይጦቻቸውን አንድ ዓይነት ያደረጉት፣ ከውርስ ውጭ ያለው መንስኤ እንኳ በግልጽ እንዲታይ ነበር። ሲታይ ግን ሊያዩት አልፈቀዱም።

ከእሳቸው በኋላ

ሊትል በታኅሣሥ 1971 በ83 ዓመታቸው በሜይን አረፉ። የአይጥን ዘረ-መል ቆርጦ በባክቴሪያ ውስጥ ማባዛት ገና አልተጀመረም ነበር፤ ዘዴው የተገኘው በዚያው አሥርት ዓመት ነው።

በታኅሣሥ 2002 የአይጥ ሙሉ የዘረ-መል ካርታ ሲታተም የተነበበው የአንዲት ሲ57 ብላክ እንስት ዲኤንኤ ነበር። ሁለት ቢሊዮን ተኩል ያህል ፊደላት ያሉት ሲሆን፣ ከአይጥ ዘረ-መሎች ከመቶ 99 ያህሉ በሰው ዘንድ አምሳያ እንዳላቸው ታወቀ። ለዚህ ሥራ ከተዘጋጁት የክሎን ስብስቦች ዋናው እንዲሁ ከዚህ ሐረግ እንስቶች የተቀዳ ነው። ተመራማሪዎች ዛሬም ከዚያ ስብስብ ቁራጭ ያዝዛሉ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ እስከ 200 ሺህ ፊደላት ይይዛል።

በትእዛዙ ወቅት ልምድ የሌለውን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ዘረ-መሉ ብቻ ሳይሆን ዝርያውም መጠየቅ አለበት። በአይጥ ህዋስ ውስጥ አንድን ዘረ-መል ለመተካት የሚሞክር ሰው፣ ክሎኑ ከአንድ ዝርያ ህዋሱ ከሌላ ከሆነ ሙከራው በአብዛኛው አይሳካለትም። የጥቁሩ አይጥ ንዑስ ሐረጎች እንኳ ሙሉ በሙሉ አንድ አይደሉም፤ በባር ሃርበር ያለው ሐረግ በሌላው ዘንድ ደህና የሆነ አንድ ዘረ-መል ጎድሎታል። ይህን ሳያዩ ሁለቱን ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች የሌለ ውጤት አግኝተው ያውቃሉ። ሊትል በ1909 ሊሸሹት የሞከሩት ችግር በትንሹ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

የአይጦቹ መንገድ ወደ ምሥራቅ አፍሪካም ደርሷል። ዋና መቀመጫው ናይሮቢ የሆነውና በአዲስ አበባም ትልቅ ግቢ ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈውን የገንዲ በሽታ ለማጥናት ተመሳሳይ አይጦችን ተጠቅሟል። ሲ57 ብላክ የበሽታውን ተሕዋስ ከሌሎች ዝርያዎች ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይቋቋማል። ተመራማሪዎቹ ከማይቋቋሙት ጋር አዳቅለው በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ይህን ጽናት የሚወስኑ ሦስት የክሮሞዞም ክፍሎች ለዩ። በገንዲ ከብቱን ላጣ የቆላ አርሶ አደር ጉዳዩ የአይጥ አይደለም፤ የበሬ ነው።

የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ለአሥርት ዓመታት በሊትል ስም ይጠራ የነበረውን የሳይንስ ሕንጻ ስም በ2018 አነሳ። ምክንያቱ ዩጀኒክስና ትምባሆ ነው። የሜይን ዩኒቨርሲቲም በኋላ እንዲሁ አደረገ። በአይጧ ሙሉ መለያ ላይ ግን የሊትል ስም ድሮም አልነበረም። 57 ከላትሮፕ መንጋ የመጣችው እንስት ቁጥር ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚጻፈው ጄ የሚለው ፊደል ደግሞ ቤተ ሙከራው ሳይከፈት የሞቱት የመኪና ኩባንያው ኃላፊ የጃክሰን ነው።